ከተራራው ሥር ያለች ጠጠር

አካሉና ማዕረግ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦን በእግር ይወጣሉ። ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት ነበሩ። አካሉ አሁንም እዚያው ነው። ማዕረግ ግን ሥራውን ትቶ፣ ቢትኮይን የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ገዝቶ፣ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ቪላ ተከራይቶ፣ ዘበኛ ቀጥሮ ይኖራል።

«የዓለም ገንዘብ በሙሉ ይሄ ተራራ ነው እንበል» አለ ማዕረግ፣ እንደ ልማዱ ካራ ሰፈር ቁልቁል ከሚታይበት ጥግ ቆሞ። «ቢትኮይን ገና ይቺ ከእግሬ ሥር ያለች ጠጠር ናት። መንግሥታት ደግሞ ገንዘብ እያተሙ ተራራው ላይ በየዓመቱ አፈር ይደፋሉ። ጠጠሯ የምታድግበት ስንት ቦታ እንዳላት አስበው።»

አካሉ ያሰበው የማዕረግን አዲስ ጫማ ነበር።

«ያ የአባትህ ግቢ ጉድጓድ አሁንም ውሃ አለው?» አለ ማዕረግ፣ ዓይኑን ከካራ ሳይነቅል።

«አለው። ምን ያደርጋል፣ ጎመን ያጠጣል።»

«ጎመንም ቀላል አይደለም።»

አካሉ ይህን እንደ ስላቅ ቆጠረው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለው ሰንብቶ ለሚስቱ ለሰገነት ነገራት።

«ጠጠር ይዞ ጎመኔን ይንቃል።»

«እሱ የት ናቀው? የናቅከው አንተ ነህ።»

አልሰማትም። ደላላ ጠራና ከአባቱ የወረሰውን የካራውን ቤት ከነግቢው ለገበያ አወጣው። ወሬው ማዕረግ ጆሮ እንዳይደርስ አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ አንድ ቀን በድንገት ሀብታም ሆኖ ሊታየው ፈልጓል።

ገዢው ራሱ አልመጣም። የላከው ወኪል በዋጋ አልተከራከረም፤ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን ብቻ ፎቶ አነሳ። አካሉ ብሩን ተቀበለና ሁሉንም ቢትኮይን ገዛበት።

ከዚያ ወዲህ ማዕረግ ቅዳሜን ተወ። ሲደወልለት «ሥራ በዛብኝ» ይላል።

«ቢትኮይን መግዛቴን ሰምቶ ነው» አለ አካሉ ለሰገነት፣ ደስ እያለው። «አሁን ተራው የሱ ነው፤ ይቅና።»

የቢትኮይን ዋጋ ወጣ። አካሉ የማዕረግን ዓይነት ጫማ ገዝቶ፣ ተጫምቶ፣ ሲ.ኤም.ሲ ሄደ። በሩ ላይ «የሚከራይ ቪላ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ማዕረግን ፈልጌ ነበር።»

ዘበኛው በዳዳ ጫማውን አየና ከወንበሩ ተነሳ።

«የሉም ጌታዬ፤ ያቺን የስልክ ገንዘባቸውን አሟጠው ሸጡና፣ ስንት ዓመት ሲመኙት የኖሩት ጉድጓድ ያለው ግቢ ካራ ተገኝቶላቸው ገዝተው ገቡ።»