የአምበሉ ፎቶ

አምደሚካኤል ኳሱን በብብቱ ይዞ የቆርቆሮ በሩን ሲከፍት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙ ሰዎች ደጁን ሞልተውት አገኘ። ሁሉም የጤና ቡድኑ ተጫዋቾች ነበሩ። ይታያል የሚባለው በረኛቸው "ወይኔ ወንድሜ!" ብሎ ሊጮህ እንደከፈተው አፉ ደርቆ ቀረ።

አምደሚካኤል ለመደንገጥ እንኳ አቅም አልነበረውም። እሑድ በመጣ ቁጥር በፌስቡክ ገጻቸው "ከቅዳሴ መልስ ሜዳ እንገናኝ" ብሎ ይጽፋል፤ ሁሉም "አለን አምበል!" ይሉታል፤ ሜዳው ላይ ግን እሱና ኳሱ ብቻ ፀሐይ ሲመታቸው ያረፍዳሉ። ትናንት መጻፉም ታከተው። ፊቱን አይተው ያፍሩ እንደሆነ ብሎ፣ አንድ የድሮ ጉርድ ፎቶውን ያለ ምንም ቃል ገጹ ላይ ለጠፈና ተወው።

"አምበል፣" አለ ይታያል በመጨረሻ፣ ስልኩን እየዘረጋለት፣ "ገጻችን ላይ የሰው ጉርድ ፎቶ ብቻውን የሚወጣው እኮ ሰው ሲሞትብን ነው።" ከፎቶው ሥር "ነፍስ ይማር" ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

አምደሚካኤል አንድ በአንድ አያቸው። ከሌላ ከተማ፣ ከይጁቤና ከአምበር ሳይቀር ተሳፍረው የመጡ ነበሩ።

"ለካ መምጣት ትችላላችሁ፣" አለ ድክም ባለ ድምፅ።

ኳሱ ከብብቱ አምልጦ ቁልቁል ተንከባለለ። ይታያል ነጠላው መሬት እየነካ ጎንበስ አለና፣ እንደ ድሮው በሁለት እጁ ያዘው። ይህን ጊዜ አምደሚካኤል እንባው መጣ። ለለቅሶ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያለቀሰው እሱ ብቻ ነበር።