ቀዩ ጃኬት

አባትየው የተራራ ነፍስ አድን ሠራተኛ ነው፤ በሟቾች ልብስ ላይ ካርድ የሚያስረው፣ የተገኙበትን ቀንና ቦታ የሚሞላው እሱ ነው። ዛሬ ግን ለቤተሰቡ የተራራ ጉዞ ሻንጣ እያዘጋጀ ያፏጫል።

«አባዬ፣ ጃኬቴን እንዳትረሳ!» አለች ልጁ ከሳሎን።

«አንቺን እረሳ እንደሆነ እንጂ እሱንስ አልረሳም!»

ቀዩን ጃኬት ሲያነሳ ዚፑ ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል። በራሱ የእጅ ጽሑፍ የልጁ ስም፣ የነገ ቀን፣ ከዚያም «ገደል ሥር» ይላል። ክው አለ።

«ጉዞው ቀርቷል!» ብሎ ጮኸ። «ነገ ከቤት ንቅንቅ የሚል የለም!»

«ደግሞ ምን ነካህ?» አለች ሚስቱ።

እፎይ ብሎ ካርዱን ሊቀደው ሲል ቦታው ተለውጧል።

«ሳሎን» ይላል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።