ሐሙስ ያልሆነ ቀን

ጽጌ አንኳኩታ መልስ ስታጣ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። በአንድ እጇ ለእማማ ኸዲጃ የመሰናበቻ ስጦታ የገዛችውን ሻሽ ይዛለች፤ በብብቷ ደግሞ ትናንት በታይፕ ተመትቶ ያለቀውን የማስተርስ ጥናቷን ሸጉጣለች። ጥናቱን ይዛ መዞር እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ ግን ያን ያህል የተለፋበትን ነገር ማን እቤት ጥሎ ይወጣል? ስታልፍ በከተማው ግንብ መግቢያ፣ ፈላና በር፣ ለተቀመጡት ጫት ሻጮች ሳይቀር ከፍ አድርጋ አሳይታቸዋለች።

ነገ ማለዳ ድሬዳዋ ወርዳ አውሮፕላን ትሳፈራለች። ቤይሩት ደርሳ ጥናቱን በቀኑ ካስረከበች ዲግሪው የእሷ ነው፤ ስትመለስም በጠቅላይ ግዛቱ ጤና ቢሮ የነርሶች ኃላፊነት ይጠብቃታል። ቀኑ ካለፈ ግን የነጻ ትምህርቱ ጊዜ ያበቃና ሁሉም ነገር ውሃ በላው ማለት ነው።

መጀመሪያ የተቀበላት የሽንት ሽታ ነበር። እማማ ኸዲጃ ቀዩ መደብ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ግራ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ አይገላበጡም። ከራስጌያቸው የደረቀ ዳቦ አለ፤ የውሃው ጣሳ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ጽጌ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

ማክሰኞ እንደሆነ ነገረቻቸው። በኩባያ ውሃ ቀድታ አጠጣቻቸው፤ ጠጥተው ሲያበቁ እንደገና ለመኑ። ልታገላብጣቸው ስትሞክር ዳሌያቸው ላይ የመኝታ ቁስል አየች፤ የሰሞኑ አይደለም፣ ጠርዙ ጠቁሯል። ሐሙስ ሐሙስ ስትመጣ እማማ ኸዲጃ ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ በትራስ ተደግፈው ነበር የሚጠብቋት። ቤቱ ተጠርጎ፣ ሾርባው እየተነነ፣ ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው። እሷም የጥናቷን ጥያቄ ጠይቃ፣ መልሱን ጽፋ፣ ሾርባዋን ጠጥታ ትሄዳለች። የሰው ቀሚስ ገልጦ ማየት ለእንግዳ ነውር ነው፤ ጽጌ ደግሞ ነርስነቷን ረስታ እንግዳ ሆና ከርማለች።

ሩቂያ እያለከለከች ገባች። ከአጥር ጎረቤቶቹ አንዷ ናት፤ ፈላና በር ሥር ጫት ስትቸረችር ጽጌ ስታልፍ አይታት ገበያዋን ጥላ መሮጧ ነው። ያልተሸጠውን ጫት በቅጠል እንደጠቀለለች ጥግ ላይ አኖረችና የሾርባ ሳህን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። አስቀድማ ጽጌን ተቆጣች።

«ምነው ሲስተር ሳትነግሪን? ወላሂ አሳፈርሽን። እንግዳ ባዶ ቤት ይገባል?»

ጽጌ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሐሙስ ሐሙስ የነበረው ሁሉ ለእኔ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሩቂያ ጥያቄው ገረማት። ታዲያ ለማን ሊሆን ነው? አፎቻ የሚሉት፣ በሠርግም በሐዘንም የሚረዳዱበት ማኅበር ሴቶች ተራ ገብተው ነበር፤ አንዷ ታጥባቸዋለች፣ አንዷ ታበስላለች፣ ሌሎቹ ቤቱን ያሞቃሉ። እማማ ኸዲጃ እንግዳ መቀበል አልቻሉም ተብሎ እንዲወራ ማን ይፈቅዳል።

«በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን ገበያ ነን። ጠዋት ዳቦና ውሃ እናኖርላታለን፣ ማታ እናጥባታለን። ቀኑን ከአላህ ጋር ናት። ምን እናድርግ፣ ልጆቻችንም ይበላሉ።»

ሩቂያ ይህን ስትል አላፈረችም፤ የሚያሳፍርም ነገር አልነበረውም። ያፈረችው ጽጌ ናት። ጥናቷ በአሮጌው ከተማ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አረጋውያን ከጎረቤት ቀኑን ሙሉ እንክብካቤ ስለሚያገኙ፣ መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ ቤት ለቤት የሚዞሩ ነርሶችን መቅጠር አያስፈልገውም ይላል። ቢሮው ያን ቃል እየጠበቀ ነው። የጎበኘቻቸው ሌሎች ቤቶችም ሁሉ እያንዳንዳቸው የታወቀ ቀን ነበራቸው። ቀጠሮ አክባሪ ናት፤ አንድም ቀን አዛንፋ አታውቅም።

ለሁለት ሆነው አሮጊቷን አጠቡ፤ ጽጌ ቁስሉን አጸዳች። እጇ ሥራውን ይሠራል፣ ልቧ ግን ቤይሩት ነበር። መምህሮቿ ጥናቱን ወደውታል። አንዳቸውም ፈላና በር ድረስ መጥተው የእማማ ኸዲጃን ዳሌ አያዩም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ይህን አሰበች፣ ደግማም አሰበች። ዲግሪውን በጣም ትፈልገዋለች።

እማማ ኸዲጃ ሾርባውን ከሩቂያ እጅ እየጠጡ መደቡ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ወፍራም ጥራዝ አዩት። ሐሙስ በመጣ ቁጥር አላህ ያስጨርስሽ እያሉ ሲመርቋት ነበር የከረሙት።

«ጨረስሽ ወይ ልጄ?»

ሩቂያም ቀና ብላ አየቻት። ፈላና በር ላይ ጥራዙን ከፍ አድርጋ ስታሳይ እልል ካሉት አንዷ እሷ ነበረች።

«አልጨረስኩም» አለች ጽጌ። «ነገ እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም የትኛው ቤት እንደምሄድ ለማንም አልናገርም። ሩቂያ፣ አንቺ ገበያሽን እንዳትተዪ።»

እማማ ኸዲጃ ደህና እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው የጽጌን ክንድ ያዙ። አሳስቧቸዋል።

«ነገ እኮ ረቡዕ ነው፣ ልጄ። ማንም የለም።»

«አውቃለሁ» አለችና ጣሳውን ከወለሉ አነሣች፤ ውሃ ሞላችው፤ እጃቸው ከሚደርስበትም አስጠግታ አስቀመጠችው።