ለእሸቱ የተቀዳ ጠበል

«አትቁም፤ ንዳው አልኩህ እኮ» አለ ክንዱ።

«መምህር፣ ሞተሩ ግሏል። ትንሽ ይብረድ።»

«ዳገቱን ስንጨርስ ይበርዳል።»

ይህን ሲባባሉ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ሹፌሩ ስማቸው ጥርሱን ነክሶ ማርሽ ቀየረና አሮጌዋን ላንድክሩዘር ሽቅብ ገፋት። የሙቀት መለኪያዋ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ መጋሏን የሚያውቀው በጠረኗ ነው። ጥምዙን ሳይጨርሱት ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ።

ክንዱ በሩን በርግዶ ወረደ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ሲያስተምር ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል፣ ለአንዲት ቃል ሙሉ ከሰዓት ይሟገታልና። ዛሬ ግን ጉዞ ከጀመሩ ወዲህ ስለ ዋናው ነገር ምላሱ ታስሯል። የእህቱ ልጅ እሸቱ ጎህ ሲቀድ፣ አሁን በሚሄዱበት ወገዳ ላይ ሞቷል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። እናቱ አስካለ ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ልጇ ሕመም እንደጠናበት ብቻ ተነግሯት፣ የማርያምን ጠበል የሞላች ቢጫ ጀሪካን ታቅፋለች።

«ይነገራት» ብሎ ነበር ክንዱ፣ ጋይንት እህቱ ቤት ጎረቤት ሲሰበሰብ። «እናት ናት። የልጇን ሞት መንደር ሁሉ ከሰማው በኋላ የምትሰማው በምን ሕግ ነው? ይሄ ርኅራኄ አይደለም። እሷ ስታለቅስ ፊቷን ማየት ፈርታችሁ ነው።» ሽማግሌዎቹ አልሰሙትም። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ስትደርስ ዘመድ ደግፎ ይዟት ይነገራታል አሉ። የነፍስ አባቷ ቄስ ካሴ ደግሞ በዚሁ ጸኑ፤ አብረውም ተሳፈሩ። ክንዱ ጮኸ፣ የሰው ስም አጠፋ፣ በመጨረሻም ወደ እህቱ ገብቶ እንደ ሌላው ሁሉ ዋሸ።

ስማቸው ትንሽ ጠብቆ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ፈታና ወደ ኋላ ዘለለ።

«ደርቋል። ውኃ ያስፈልጋል።»

«የያዝከውስ?»

«ታች ጨረስነው። ወንዙ ደግሞ ያውልህ፣ ገደሉ ሥር። ወርደን እስክንወጣ ቀኑ አለቀ።» ዓይኑ ጀሪካኗ ላይ አረፈ። «እማ፣ እሱን ቢሰጡኝ…»

አስካለ የቀለደ መሰላትና ፈገግ አለች። «መኪናህን የያዛት ነገር ካለ አባ ይጸልዩላት። ይሄ የልጄ ነው። ከቀዳሁት ጀምሮ መሬት አላስነካሁትም።»

«ሳንደርስ ከቀረን ምን ያደርግለታል?» አለ ክንዱ፣ ድምፁ ሳያስበው ሻክሮ።

«አንተ ደግሞ ሁሉን በቁጣ ትገፋዋለህ። መኪናዋንም እንዲህ ያደረግካት አንተ ነህ። እሸቱ እንደሆን እኔ ሳልደርስ የትም አይሄድም።»

 ስማቸው ፊቱን አዙሮ ንጹሕ የነበረውን የፊት መብራት በጨርቅ መወልወል ያዘ።

ቄስ ካሴ ፀሐይዋን አዩ። ጠበል የያዘ ዕቃ ከከብት በረት አጠገብ አደረ ብለው በደጀ ሰላም ሴት ያስለቀሱ ቄስ ናቸው። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና ምንም ሳያደርጉበት መልሰው ከተቱት።

«ስጭው፣ አስካለ» አሉ።

«ምን አሉ፣ አባ?»

«ለሞተሩ ይሁን። ስጭው።»

አስካለ የነፍስ አባቷን አየች። ከዚያ ወንድሟን። ከዚያ መብራት የሚወለውለውን ሹፌር። ክንዱ ይህቺን ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ በሐሳቡ ሲያያት ነበር፤ በሐሳቡ ሁሉ እሪታ ነበረባት። አስካለ ግን አልጮኸችም። ከመኪናው ወረደች፣ የጀሪካኗን አፍ የሸፈነችበትን ጨርቅ ፈታች፣ ሊቀበላት የተዘረጋውን የስማቸውን እጅ በክንዷ ገፋችና ጠበሉን ራሷ አፈሰሰችው። አንዲት ጠብታ ሳታስቀር፣ ቀስ ብላ።

ስማቸው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። ወዲያው ራዲያተሩ እንደ ድስት ተንተከተከ፣ ከጭስ ማውጫውም ወፍራም ነጭ እንፋሎት ተትጎለጎለ። አጠፋና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፤ ዘይቱ እንደ አጓት ነጥቷል።

«ውኃና ዘይቱን የሚለየው የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል፣ መምህር» አለ፣ ዘንጉን ወደ ክንዱ ዘርግቶ። «ውኃው ዘይቱ ውስጥ ገብቷል፤ የቀረውንም በጭስ እየተፋችው ነው። ከእንግዲህ ባሕር ቢጨመርባት አትሄድም። ያኔ ታች ቆመን ቢሆን…»

ተወው። ክንዱም ዘንጉን አልተቀበለውም። 

እንፋሎቱ ተንሳፍፎ በአስካለ ላይ አለፈ።

«ለስንት ሰዓት ነው የሚቀበረው?» አለች።

ክንዱ አፉን ከፈተ። ጠዋት ለሽማግሌዎቹ የተናገረው ሁሉ፣ እውነት ስለ መናገር፣ ስለ እናት መብት፣ ቃል በቃል ትዝ ይለዋል። አንዲቱን ቁጥር ግን ማውጣት ተሳነው።

«ለዘጠኝ» አሉ ቄስ ካሴ፣ አቀርቅረው።

አስካለ ባዶዋን ጀሪካን መንገዱ ዳር አቆመቻት። ነጠላዋን አወለቀች፣ ለኀዘን ዘቅዝቃ መልሳ ለበሰች፣ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ዳገቱን ጀመረች።

«እታለም» አለ ክንዱ።

አልዞረችም። ተከተላት። እሷ በላስቲክ ጫማዋ ጠጠሩን እየጨፈለቀች፣ እሱ ጥቂት እርምጃ ከኋላዋ። ሊደርስባት ይችል ነበር። እሷ ዝግ ባለች ቁጥር ግን እሱም ዝግ ይል ነበር።