ስሙ የተፋቀ ጊታር

ሙዚቀኛው ሳልባጅ ቤት ያገኘውን ጊታር ገና ሲያነሳው በላዩ የተለቀለቀው ጥቁር ቀለም እጁ ላይ ተጣበቀ። ሽታው ደግሞ ውሃ ገብቶበት የከረመ ምድር ቤት ነው።

«ከዱባይ ነው የመጣው ጋሼ፤ እርጥበቱ የመርከብ ነው» አለ የሳልባጅ ነጋዴው።

«የፋብሪካ ስሙንስ ማን ፋቀው? መርከቡ?»

ሙዚቀኛው የሚጫወትበት ባንድ ያለ ጊታር ባይቀር ኖሮ እዚያው ወርውሮት በሄደ ነበር። ስም ቢፋቅ ሆድ አይዋሽም ብሎ የጀርባ ክዳኑን በመፍቻ ከፈተው። ጥፍሩ ውስጥ ቀይ ጭቃ ገባ። እየተጸየፈ በሱሪው ጠረገው። ከጭቃው ስር፣ ጊታሩ ከማጉያው ጋር ሲገናኝ እንዳያፏጭ ተብሎ ሽቦዎቹ ያሉበት ሆዱ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተለብጧል፤ ወረቀቱ ያልደረሰበት ጥግ ላይ ደግሞ የማስቲካ መጠቅለያ ተቀጥሏል።

ማስቲካውን ያኘከው እሱ ነበር። ወረቀቱንም ለጓደኛው ለአጥናፉ ብሎ የለጠፈው እሱ ነው። አምና፣ አጥናፉ ነጭ የመድረክ ሱፉን እንደለበሰ የሬሳ ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል፣ ቄሶቹ ሳያዩ ይህንኑ ጊታር ከጎኑ ያስተኛውም ራሱ ነው።

ጊታሩን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ነጋዴው ዋጋ ሊከራከር የተዘጋጀ መስሎት ከመስቀያው ላይ አንድ ነጭ ሱፍ አወረደና አራገፈው።

«አብሮት የመጣ ነው ጋሼ፤ ታጥቧል። እስቲ ይለኩት፣ ልክዎ ይመስለኛል።»