የመሰነባበቻ ሰላምታ

የክፍልፋይ ትምህርቱ እንዳበቃ አስተማሪዋ «በሉ፣ ደህና ዋሉ» አለችና ሳታስበው እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋች። በኢንዶኔዥያ፣ በዮግያካርታው ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ ከክፍል ሲወጣ «ኢቡ»፣ እናቴ፣ እያለ ጎንበስ ብሎ እጇን ይይዝና ግንባሩን ያስነካው ነበር። ትምህርቱ ያልገባውን የምትለየውም ያኔ ነበር፤ ዓይኑን ሰበር አድርጎ እጇን ቶሎ ይለቃል። ትምህርት ቤቱ በወረርሽኙ ተዘግቶ ከቤቷ በኮምፒውተር ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ግን የሚገባው ማን እንደሆነ፣ የማይገባው ማን እንደሆነ አታውቅም። ዛሬም እንዲሁ ከሆነ ክፍሉን ለአንድ ወጣት መምህር እንደምትለቅ ጠዋት ለልጇ ነግራታለች።

እጇ አየር ላይ እንደቀረ አፍራ ልትሰበስበው ስትል በስክሪኑ ጥግ የነበረው የተማሪዋ የሊንታንግ ፊት ጠቆረ። ከዚያ የሌሎቹም ተራ በተራ ጨለመ።

«ነይ ቶሎ፣ አበላሸሁት መሰለኝ!» ብላ ልጇን ተጣራች።

ልጇ እጇን በፎጣ እየጠራረገች መጥታ አየችና ሳቀች። «ኧረ እማ፣ ምንም አልተበላሸም። ግንባራቸው እኮ ነው! ካሜራው ላይ ለጥፈውት ነው።»

«ኢቡ፣ በቃችሁ ይበሉን እንጂ» አለ የባግያ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ፤ «አንገቴ ሊቀነጠስ ነው!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷም ሳቀች፤ እጇን ግን አላጠፈችም። ከሁሉም ቀድሞ ቀና ያለው ባግያ ነበር። ካሜራውን ላለማየት ዓይኑን ሰበር አደረገ።

ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አደረገች።

«ባግያ፣ አንተ ቆይ» አለችው። «ክፍልፋዩን እንደገና እንየው።»