ሰማያዊው ቦርሳ እና የጾም ምሳው

"ሙቢ! ሙቢ! ያዙት!"

ሙቢ በኡጋንዳ ሌባ ማለት ነው... እስክንድር ናካዋ ገበያ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

ካምፓላ አራት ዓመት ኖሯል። ይህች ቃል ገበያ መሃል ምን እንደምታመጣ አሳምሮ ያውቃል።

ግን ጮኸ።

ነገሩ እንዲህ ነው... 2013 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ ጾም ነው። እስክንድር ፋሲካን ከእናቱ ጋር ሊውል ወደ አዲስ አበባ ሊበር ነው። ጓደኛው ሉቅማን በመኪናው ኤርፖርት ሊያደርሰው ይዞት ወጣ።

መንገድ ላይ፣ ናካዋ ገበያ ሲደርሱ፣ ለእናቱ አናናስ ሊገዛ ከሉቅማን ጋር ወረደ።

ሲመለስ የኋላ ወንበር ላይ የተወው ሰማያዊ ቦርሳ የለም!

ቀና ሲል አንድ ቀጭን ሰው ያንኑ ቦርሳ አንግቶ በመኪናው አጠገብ ያልፋል።

አለቀ!

መጀመሪያ ጥፊ ነበር... ከዚያ እርግጫ... ከዚያ ድንጋይ።

ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲ ሹፌሮች ሞተራቸውን ጥለው መጡ። አንዱ የብረት ቱቦ ይዟል። ሰውዬው ወደቀ። ወድቆም አልተዉትም።

"ጎማ አምጡ!" አለ አንዱ... ከነነፍሱ ሊያቃጥሉት እኮ ነው!

ሰውዬው ፊቱ ደም በደም ሆኖ እስክንድርን አየው። "ጌታዬ... የእኔ ነው... ክፈተውና እይ..."

እስክንድር ቦርሳውን መንጭቆ ወደ መኪናው ሮጠ።

"በአላህ ይሁንብህ፣ ተዉት በላቸው!" አለ ሉቅማን። "ባለቤቱ አንተ ነህ፣ አንተ ካልክ ይተዉታል!"

"የእጁን ነው ያገኘው! ንዳ፣ በረራ ያመልጠኛል!"

"እንግዲያው በራስህ ሂድ!"

ሉቅማን ሻንጣውን አስፋልት ላይ አውርዶለት፣ ዱላው መሃል ዘሎ ገባ።

እስክንድርስ? ኮንትራት ታክሲ ይዞ እብስ አለ።

አውሮፕላኑ ተነሳ... ምሳ መጣ።

"የጾም ነው ያዘዝኩት" አላት አስተናጋጇን።

"አዎ ጌታዬ፣ የጾም ነው።"

"ቅቤ የለውም?"

"የለውም።"

"ዳቦውስ ወተት አልነካውም?"

ሦስት ጊዜ ጠየቃት እኮ! ወይ ጾመኛ!

ፓስፖርቱና የኮቪድ ወረቀቱ ጃኬቱ ኪስ ስለነበሩ ቦርሳውን እስከዚያች ሰዓት አልከፈተውም። አሁን መነጽሩን ሊያወጣ ከፈተው...

መነጽር የለም።

በጋዜጣ የተጠቀለለ ሮሌክስ አለ። እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ... የዚያ ሰው ምሳ። ቀዝቅዟል።

ጓንት አለ። የሙቀት መለኪያ አለ። የታማሚዎች ስም የሞላበት ደብተር አለ።

መታወቂያም አለ... "ሰማኩላ፣ የጤና በጎ ፈቃደኛ" ይላል።

እስክንድር ክው አለ።

ይህን ቦርሳ ለሁለት መቶ በጎ ፈቃደኞች ያደለው የራሱ መሥሪያ ቤት ነው! እሱም አንዱን ለራሱ አስቀርቷል። መታወቂያው ሥር ያለው ፊርማ የማን ይመስላችኋል?

የራሱ የእስክንድር!

ቅቤ የሌለው ምሳ ሳይነካ ተመለሰ።

ቦሌ እንደደረሰ ስልኩን ከፈተ። የሉቅማን መልእክት...

"ቦርሳህ ወንበሩ ሥር ነው። ፍሬን ስይዝ ተንሸራቶ ገብቷል። ሰውዬው ንሳምብያ ሆስፒታል ነው። ነፍሱ ተርፋለች፣ አንድ ዓይኑ ግን ጠፍቷል። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ደብተሩን ነው፤ የታማሚዎቼ ስም አለበት ይላል።"

እናቱ ውጭ ቆማ ትጠብቀዋለች... እሱ ግን ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ደወለ።

"ሉቄ... ነገ እመለሳለሁ። ቦርሳውን አመጣለታለሁ።"

ሉቅማንም ሁለት ጥርሱን እዚያ ግርግር ውስጥ ጥሎ ነው የወጣው።

"ቦርሳውንስ ታመጣለህ..." አለው። "ዓይኑንስ?"

ቤተሰብ... ቅቤ የጾመ አፍ ሰው በላ።

ያን ሰው ለማስደብደብ አንድ ቃል በቃ። ለማዳንም "ተዉት" የምትል አንድ ቃል ትበቃ ነበር፣ እሷን ነፈገው። ሰው ላይ ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት ወንበራችሁ ሥር ፈልጉ። ተሳስታችሁም ከሆነ፣ ዱላው ሳያርፍ ተናገሩ!

እኔማ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም...

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ሰማኩላን ብትሆኑና እስክንድር ቦርሳውን ይዞ ሆስፒታል አልጋችሁ አጠገብ ቢቆም፣ ምን ትሉታላችሁ?